በሩን የሚሸከመው ሞላው ነው

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ በር ናቸው። ስለ ጋራዥ በር፣ ስለ ግቢ በር፣ ስለ ሱቅ ተጠቅላይ በር። ጥያቄው መምጣቱ ደስ ብሎኛል። ቤት ስንሠራ ለበሩ ቀለምና ለመልኩ እንጨነቃለን፤ ከተገጠመ በኋላ ግን እስኪበላሽ ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እቤታችን ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው ዕቃ ሁሉ ደግሞ ትልቁና ከባዱ እሱ ነው።

ጥያቄ (ከሆጤ፣ ደሴ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የጋራዣችን በር ወደ ላይ የሚሄድ፣ በሪሞት የሚከፈት ነው። ወንድሜ ከውጭ ያስመጣው ነው፣ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ሌሊት ጎማ የፈነዳ የሚመስል ድምፅ ሰምተን ተነሳን፣ ምንም አላየንም። ጠዋት ሪሞቱን ስጫን ሞተሩ ያጉረመርማል፣ በሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይቆምና ተመልሶ ይወርዳል። ሞተሩ ተቃጥሎ ይሆን? ባለቤቴ በያጅ ጠርቼ ላሠራው እያለ ነው። መኪናችንም ውስጥ ነው ያለችው።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። እንደነገርሽኝ ከሆነ ሞተሩ አልተቃጠለም፣ የተሰበረው ሞላው ነው። ሳትነኪው ማረጋገጥ ትችያለሽ። ራቅ ብለሽ ቁሚና ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ የተጋደመውን ዘንግ በባትሪ አብርተሽ እዪው። ዘንጉ ላይ ወፍራም ጥቁር ሞላ ተጠምጥሟል። ደህና ሲሆን ጥምጥሞቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው አንድ ወጥ ሆነው ነው የሚታዩት። ከተሰበረ ግን መሃሉ ላይ አራት አምስት ሣንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት ታያለሽ። ሌሊት የሰማችሁት ድምፅ እሱ ሲበጠስ ነው።

ብዙ ሰው በሩን የሚያነሳው ሞተሩ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ የብረት በር እንደ ስፋቱና እንደ ውፍረቱ ከ60 ኪሎ ጀምሮ እስከ 150 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ያን ሁሉ የሚሸከመው ሞላው ነው። በሩ ሲወርድ ሞላው ይጠመዘዝና ኃይል ያጠራቅማል፣ በሩ ሲወጣ ያንኑ ኃይል መልሶ ይሰጣል። ሞተሩ የሚጨምረው ትንሽ ግፊት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሞላው ደህና ሲሆን አንድ ሰው በሩን በአንድ እጁ ማንሳት የሚችለው፣ ሲሰበር ግን ሞተሩ የሚያጉረመርመው።

ሞላ ደግሞ ዕድሜ አለው። የመኖሪያ ቤት በር ሞላ በተለምዶ ለ10,000 ጊዜ መክፈትና መዝጋት ተብሎ ነው የሚሠራው። በቀን 4 ጊዜ ከከፈታችሁና ከዘጋችሁ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል፤ የእናንተም ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሄደው። ብርድም ይገፋዋል። የደከመ ሞላ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ብረቱ ሲቀዘቅዝ ነው፣ የደሴን ሌሊት ደግሞ እኔ አልነግርሽም።

አሁን የምታደርጊው ይህን ነው። ሪሞቱን ከእንግዲህ አትጫኚ፤ ደጋግመሽ ከሞከርሽ እስካሁን ያልተቃጠለው ሞተር በእርግጥም ይቃጠላል። ከሶኬቱ ንቀዪው። ልጆች እዚያ አካባቢ እንዳይደርሱ አድርጊ።

ባለቤትሽ በያጅ ልጥራ ያለውን ግን ፈጽሞ አልስማማበትም። በያጆቻችን እጃቸው የተባረከ ነው፣ ከላሜራ የማይሠሩት ነገር የለም። ሞላ ግን አይበየድም። ሞላን ሞላ የሚያደርገው ብረቱ በልኩ ሞቆና ቀዝቅዞ ያገኘው ጥንካሬ ነው፤ የብየዳ እሳት ሲያርፍበት ያ ጥንካሬ እዚያ ቦታ ላይ ይጠፋል። የተበየደ ሞላ ሲጠመዘዝ እዚያው ላይ ይበጠሳል፣ የሚበጠሰውም ጠምዛዡ መሰላል ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ሞላው አስጠግቶ ሳለ ነው። እጅ ሰብሯል፣ ዓይን አጥፍቷል፣ የሰው ሕይወትም ወስዷል። ከበሩ ግርጌ ግራና ቀኝ የሽቦ ገመዱ የታሰረበት ብረትም እንደዚሁ ነው፣ ሞላው ሳይላላ ቡሎኑ አይነካም። ይህን ሥራ የሚያውቅ ቴክኒሻን ፈልጉ። አዋቂነቱን መለየት ከባድ አይደለም፦ ሞላው ጫፍ ላይ ላሉት መጠምዘዣ ቀዳዳዎች ልክክ የሚሉ ሁለት የብረት ዘንጎች ይዞ ይመጣል። ካቻቢቴ ወይም የተቆረጠ ፌሮ ቀዳዳው ውስጥ ሰክቶ ሊያጠብቅ የተነሳን ሰው እባካችሁ አስቁሙት።

ሞላ በዓይን ግምት አይገዛም። የሽቦው ውፍረት፣ የውስጡ ስፋት፣ ርዝመቱና የሚዞርበት አቅጣጫ መመሳሰል አለበት። ዘንጉ ላይ ሁለት ሞላ ካለ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አብረው የጀመሩ ናቸውና አንዱ ካለቀ ሌላውም ብዙ አይቆይም።

መኪናዋን መጠበቅ ከቻላችሁ ቴክኒሻኑ እስኪመጣ ትቆይ። የግድ መውጣት ካለባት በሩ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሳለ ከሞተሩ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ስባችሁ ሞተሩን ለዩት፣ ከዚያ ሦስት ጠንካራ ሰዎች እኩል ያንሱት፣ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ግራና ቀኝ በጠንካራ እንጨት ይደገፍ። ጣት በክፍሎቹ መጋጠሚያ ውስጥ አይገባም። ከበሩ ሥር ማንም አይቆምም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አዲሱ ሞላ ሲገጠም ቴክኒሻኑ ሳይሄድ በሩን ዝጉ፣ ቀይዋን ገመድ ሳቡ፣ በእጅ ወገብ ድረስ አንሱትና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ባለበት ከቆመ ሞላው ልክ ነው። ወደ ታች ከወረደ ላልቷል፣ ወደ ላይ ከሸሸ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠብቋል። ይህን በየጥቂት ወሩ ብትደግሙት ሞላው ከመበጠሱ በፊት መድከሙን ታውቃላችሁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የኛ የጋራዥ በር ከሰዓት በኋላ ብቻ ግማሽ ወርዶ ተመልሶ ይወጣል። ጠዋት ምንም ችግር የለበትም። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይቶት «ሴንሰሩን ቆርጬ በቀጥታ ላገናኘው፣ ትገላገላለህ» አለኝ። ልፍቀድለት?

መልስ፦ አትፍቀድለት ወንድሜ! ከበሩ ግራና ቀኝ ከወለሉ ከ10 እስከ 15 ሣንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አሉ፤ ሴንሰር የሚባሉት እነሱ ናቸው። አንዱ የማይታይ ጨረር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። መሃል ላይ የሆነ ነገር ጨረሩን ከከለለ በሩ ወደ ታች አይሄድም። ከፍታው ዝቅ ያለው ለሚድህ ሕፃን ተብሎ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ልጆች በበር ሥር ተይዘው ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1993 ጀምሮ የሚመረት የመኖሪያ ቤት የበር ሞተር ሁሉ እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ ግዴታ ሆኗል። እሱን መቁረጥ ማለት በሩን ዕውር ማድረግ ነው።

ያንተ ችግር ከሰዓት ብቻ ከሆነ የምጠረጥረው ፀሐይን ነው። ወደ ምዕራብ ያዘነበለች ፀሐይ ተቀባዩ ዓይን ላይ በቀጥታ ካረፈች ዓይኑ ጨረሩን መለየት ያቅተዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ሲያስቸግርህ ተቀባዩ ላይ በካርቶን ጥላ አድርግበትና ሞክረው። ከሠራ ምክንያቱን አገኘኸው፤ ሁለቱን ዓይኖች ቦታ ማቀያየር ወይም ተቀባዩ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ከለላ መሥራት ይበቃል። ካልሠራ ደግሞ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ወስደህ ሁለቱንም ዓይኖች ጥረግ፣ የሸረሪት ድርና የኮምቦልቻ አቧራ ብቻውን ይህን ያደርጋል። ዓይኖቹ ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ድርግም ካለች ወይም ከጠፋች አንዱ ዞሯል ማለት ነው፤ መብራቷ ረግታ እስክትበራ ድረስ ቀስ አድርገህ መልሰው።

ከዚያ በወር አንዴ ሁለት ነገር ፈትን። በሩ እየወረደ ሳለ ከጎን ቆመህ የመጥረጊያ እንጨት ዓይኖቹ ፊት አሳልፍ፣ ወዲያው መመለስ አለበት። ሁለተኛው፣ አራት ሣንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ ወለሉ ላይ በጠፍጣፋው አጋድምና በሩን በላዩ ዝጋው። ጣውላውን ነክቶ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ላይ ካልተመለሰ እስኪስተካከል ድረስ በሪሞት አትጠቀም።

ጥያቄ (ከሳላይሽ፣ ደሴ)፦ ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የግቢዬ በር ወደ ጎን የሚንሸራተት የላሜራ በር ነው፣ ወርዱ አምስት ሜትር ነው። ግቢዬ ተዳፋት ላይ ስለሆነ በሩ አንዳንዴ በራሱ ይንሸራተታል። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጆቼ ይንጠለጠሉበታል፤ እንደ መኪና ይነዱታል። ልጄ ደግሞ ሞተር ላስገባበት ይለኛል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ አባባ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ የታዩኝ ልጆቹ ናቸው። ሂሳቡን አብረን እናስላ። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ አንዱ ካሬ ሜትር 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእርስዎ በር ቁመቱ ሁለት ሜትር ቢሆን አሥር ካሬ ሜትር ነው፤ ላሜራው ብቻ 160 ኪሎ፣ ክፈፉ ሲጨመር በቀላሉ 200 ኪሎ ይደርሳል። ይህ በር ሞላ የለውም። ክብደቱ ያረፈው ከሥር ባሉት ሁለት ጎማዎች ላይ ነው፣ እንዳይወድቅ የሚያደርጉት ደግሞ ከላይ ምሰሶው ላይ ግራና ቀኝ የያዙት ትንንሽ ሮለሮችና መጨረሻው ላይ ያለው ማቆሚያ ናቸው። ማቆሚያው ከሌለ ወይም ከላላ በሩ ሲገፋ ከሮለሮቹ አልፎ ይወጣል፣ ያን ጊዜ የሚይዘው ነገር የለም፣ እንዳለ ይወድቃል። ሁለት ልጆች ተንጠልጥለውበት ሲስቁ ያስቡት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሐዲዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዩልኝ። በሁለቱም ጫፍ ማቆሚያ አለ? በሦስት ነጥብ የተበየደች ቁራጭ ፌሮ ማቆሚያ አይባልም። በሩ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ቢመታው የማይነቃነቅ ወፍራም ብረት መሆን አለበት፣ ከታች ሐዲዱ ላይ አንድ፣ ከላይ ደግሞ በሩ ራሱ ላይ ከሮለሮቹ እንዳያልፍ የሚያደርግ ሌላ። ለዚህ ሥራ በያጅ ይጥሩ፣ ቦታው ነው። የላይኞቹ ሮለሮች ተበልተው በሩ የሚወዛወዝ ከሆነ ይቀየሩ። ማቆሚያው እስኪሠራ ድረስ በሩን አዋቂ ብቻ ይክፈተው፣ ልጆቹንም በቁጣ ሳይሆን አስቀምጠው ያስረዷቸው።

ተዳፋቱ ሌላ ጣጣ ነው። በራሱ የሚንሸራተት በር ላይ ሞተር መጫን አልመክርም። መጀመሪያ ሐዲዱ በውሃ ልክ ተስተካክሎ እንደገና ይቀመጥ። ደሴ ላይ የክረምቱ ጎርፍ ከሐዲዱ ሥር ያለውን አፈር እየቦረቦረ መሠረቱን ያዘምመዋል፤ ስለዚህ ሐዲዱ ኮንክሪት ላይ መቀመጡንና ውሃው በጎን መውጫ እንዳለው ያረጋግጡ። እሱ ከተስተካከለ በኋላ ልጅዎ ሞተር ያስገባ ካለ ያስገባ፣ ግን ሰው ሲነካው የሚቆምና ጨረር ያለው ይሁን። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ትንንሽ ልጆች በሞተር በሚሠሩ የግቢ በሮች ተይዘው ሞተዋል። ሞተር ልጅ ይሁን እንጨት አይለይም።

ጥያቄ (ከፒያሳ፣ ደሴ)፦ የሱቄና የጋራዤ በር ሁለቱም ተጠቅላይ ናቸው። ጠዋት ስከፍታቸው ሰፈሩን ሁሉ የሚቀሰቅስ ጩኸት አላቸው። የተቃጠለ ዘይት ቀባሁት፣ ለሳምንት ዝም ብሎ ባሰበት። ምን ልቀባው?

መልስ፦ የተቃጠለ ዘይት ተው። መጀመሪያ ዝም ያሰኛል፣ ከዚያ አቧራውን እየሰበሰበ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። በሩ የሚሄድባቸውን የጎን መንገዶች በጨርቅ ጥረጋቸው እንጂ ግራሶ አትሙላባቸው። ለተጠቅላይ በር ጎን ሲሊኮን ስፕሬይ ይሻላል፣ ይደርቃል፣ አቧራ አይዝም። በክፍል በክፍል የሚታጠፍ የጋራዥ በር ያላችሁ ደግሞ ማጠፊያዎቹን፣ የብረት ሮለሮቹን ኩሽኔታና ሞላውን ላዩን ብቻ በሊቲየም ግራሶ ወይም በሲሊኮን ስፕሬይ ቀለል አድርጋችሁ እርጩ፣ የተረፈውን ጥረጉ። በዓመት ሁለቴ ይበቃል። ደብሊው ዲ ፎርቲ ብዙ ሰው የሚወደው ነው፤ ዝገት ለማላቀቅና ለማጽዳት ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይጠፋል፣ ከሱ በኋላ ሌላ ቅባት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ስለ ሁለቱ ከተሞቻችን አንድ ነገር ልበል። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በከፍታ ግን ብዙ መቶ ሜትር ይበላለጣሉ። ሐረጎን ስትወርድ አየሩ ሲለወጥ ፊትህ ላይ ይሰማሃል፣ በሩም ላይ እንደዚያው ነው። ደሴ ላይ ጠላቱ እርጥበት ነው። ጭጋጉ ብረቱ ላይ ሲያድር ውሃ ይሆናል፣ ውሃው ወደ በሩ ግርጌ ይወርዳል፣ ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ግርጌውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ አንቲረስት ቀባው። ኮምቦልቻ ላይ ዋናው አቧራና ሙቀት ነው፤ እዚያ ያላችሁ ከመቀባት ይልቅ መጥረግን አዘውትሩ።

ስትጠርግ የሽቦ ገመድ ያለው በር ከሆነ ገመዱን በዓይንህ ተከተለው፣ በባዶ እጅህ አትዳብሰው። አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ እንደ እሾህ ብቅ ካለ ቴክኒሻን ጥራ።

ጥያቄ (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)፦ መብራት ሲሄድ በሩን እንዴት ነው የምንከፍተው? ጀነሬተራችንስ ጋራዡ ውስጥ ቢሠራ፣ በሩን ትንሽ ከፍተን፣ ይበቃል? ባለቤቴም ጠዋት ብርድ ስለሆነ በሩን ሳይከፍት የመኪናውን ሞተር ያሞቃል።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ አይቆይምና። ዛሬ ንገሪው፣ በሩ ተዘግቶ ሞተር አይነሳም። አንድ ደቂቃም ቢሆን። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ሰውየው ራስ ምታትና ማዞር ሲሰማው ብርዱ ነው ይላል፣ ከዚያ ጉልበቱ ይከዳዋል። ጋራዡ ከቤቱ ጋር ከተያያዘ ደግሞ ጋዙ በበሩ ሥር አልፎ ልጆች የተኙበት ክፍል ይገባል። መኪናው ይውጣ፣ ግቢ ውስጥ ይሙቅ።

ጀነሬተሩም እንደዚሁ ነው። በሩን ትንሽ መክፈት አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ መክፈትም አይበቃም። ውጭ ይቀመጥ፣ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ወደ ቤቱ ሳይዞር። ዝናብ እንዳይመታው ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ሥሩለት። የከሰል ምድጃም ጋራዥ ውስጥ ዘግቶ መሞቅ ያው አንድ ሞት ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ከደነዘዘ፣ ሁላችሁም ወዲያው ወደ ውጭ ውጡና ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አሁን ወደ በሩ። መብራት ሲሄድ በሩ ተዘግቶ ከሆነ ቀይዋን ገመድ ስበሽ በእጅ አንሺው። ሞላው ደህና ከሆነ ቀላል ነው፤ ከከበደሽ ተይው፣ ሞላው ደክሟል። በሩ ተከፍቶ ሳለ መብራት ከሄደ ግን ቀይዋን ገመድ ከመሳብሽ በፊት ከላይ ለሆጤዋ አንባቢ የነገርኩትን ክፍተት ሞላው ላይ ፈልጊ። ሞላው ተሰብሮ ሳለ ገመዱን ከሳብሽው በሩ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ይወድቃል። መብራት በሚመላለስባቸው ሰዓታት ሞተሩን ከሶኬት መንቀል ወይም ስታቢላይዘር ማስገባት ቦርዱን ከመቃጠል ያድነዋል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ አንደኛው ሪሞት ጠፋብኝ። መኪና ውስጥ ነበር፣ ማን እንደወሰደው አላወቅኩም። ሞተሩን መቀየር አለብኝ?

መልስ፦ መቀየር አያስፈልግህም። በብዙዎቹ ሞተሮች ጀርባ ላይ ሪሞት የሚመዘገብባት ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷን ተጭነህ ትንሿ መብራት እስክትጠፋ ድረስ ከያዝካት የተመዘገቡት ሪሞቶች ሁሉ ይሰረዛሉ፣ የጠፋውም ጭምር። ከዚያ በእጅህ ያለውን እንደገና መዝግብ። እንደ ሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ መመሪያውን አንብበህ አድርገው። አዲሱን ሪሞት መኪናው ውስጥ አትተወው፣ ከቁልፍህ ጋር ይሁን። ግድግዳው ላይ ያለችው መክፈቻም ከወለሉ ከ1.5 ሜትር በታች ከሆነች በዚያው ቀን ከፍ አስደርጋት፣ ልጆች እንዳይደርሱባት።